ከደብረ ሲና የገባችው ሴት

ስንቅነሽ ሱቋን ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው መብራት ማብራት ሳይሆን ማሽተት ነበር። በሩን ገፋ አድርጋ ደፉ ላይ ትቆምና አየሩን ቀስ ብላ በአፍንጫዋ ትስበዋለች፤ የቀለጠ የብየዳ እርሳስ፣ ቦርድ የሚታጠብበት አልኮል፣ የስንት ሰው መዳፍ ላብ የጠጣ የስልክ ሽፋን፣ ከዚያ ሁሉ በታች ደግሞ በክረምት ከጣርማ በር ቁልቁል እየተንከባለለ ደብረ ሲናን የሚውጠው የጉም ሽታ፣ እርጥብ ድንጋይ እርጥብ ድንጋይ የሚለው። ከእነዚህ ሌላ አንድ እንግዳ ሽታ ካለ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ባትሪ አብጧል ማለት ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያ አፍንጫ ሱቁን ሦስት ጊዜ ከቃጠሎ አድኖታል። ሙያውን ያስተማራት ሰው የለም። የመጀመሪያውን ስልክ የፈታችው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ነው፤ ሁለተኛውን የፈታችው የመጀመሪያውን መግጠም ስላቃታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ደንበኛ እያመጣላት ተማረች።

በዚያ ክረምት ሰው የሚወዳቸው ገጾች ተዘግተው ስለነበር የተዘጋውን በዙሪያ መንገድ የሚያስከፍተው ቪፒኤን ያልተጫነበት ስልክ በከተማው አይገኝም ነበር። የስንቅነሽም ሥራ ቪፒኤን ያደከማቸውን ስልኮች ማስታመም ሆነ።

«አረጀ መሰለኝ» አላት ከፈለኝ የሚባለው የአይሱዙ ሹፌር ስልኩን ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ።

«መቼ ገዛኸው?»

«ለፋሲካ።»

«ለፋሲካ ተወልዶ በሐምሌ ያረጃል?» ከፈተችው። «ሦስት ቪፒኤን! ሦስቱ ምን ያደርጉልሃል?»

«አንዱ እምቢ ካለ አንዱ ብዬ ነዋ።»

«ስማ። አንተ እዚህ ሆነህ ጣርማ በር ላለ ሰው አንድ ቃል ስትልክ ቃሉ ቀጥ ብሎ አይወጣም። መጀመሪያ ይታሸጋል፤ ሰው አገር ይሄዳል፤ እዚያ ተፈትቶ የዚያ አገር ሰው መስሎ ይመለሳል። ማሸጉም መፍታቱም የስልክህ ጉልበት ነው። ስለዚህ ይዘገያል፣ ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል። ሸዋ ሮቢት ለመውረድ አይሱዙህን በጅማ በኩል ብትወስዳት ነዳጅ አትጨርስም?»

«ሸዋ ሮቢት ለመውረድማ በጅማ አልሄድም።»

«ስልክህ እየሄደ ነው።»

«በጅማ በኩል ከሄደስ ቡና ይዞ ይመለስ ነበር» አሉ እትዬ አስካለ ከደረጃው ላይ። እትዬ አስካለ የስንቅነሽ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ለመንገደኛ ቆሎ ይሸጣሉ፤ በሱቁ ውስጥ የሚባል ነገር ሁሉ በእሳቸው በኩል ሳያልፍ አይወጣም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት ነሐሴ እንደገባ በገዛ ኮምፒውተሯ ላይ ቪፒኤን የጫነችው።

ያስጫናት የቤቱ ባለቤት ነው። ጋሽ ሽታዬ አንድ ቀን ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አራግፈው ገቡና ሱቁን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት ሁሉ ጣሪያውን አዩ፣ መደርደሪያውን አዩ፣ በመጨረሻ እሷን አዩ።

«የእህቴ ልጅ ከተማ ተምሮ መጥቷል። ስልክ ነው የሚሠራ። ወረቀት አለው፤ ማኅተሙ ወርቃማ ነው።»

«እሰየው።»

«ቤቱን ይፈልገዋል። አንቺንም ዝም ብዬ ውጪ ማለት ከበደኝ። አንቺ ምን ወረቀት አለሽ?»

«እጅ አለኝ።»

«እጅ አይሰቀልማ፣ ስንቅነሽ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው የምጠይቅሽ። እስከ መስከረም ካመጣሽ ያንቺ ነው፤ ካላመጣሽ የልጁ ነው።»

«አመጣለሁ» አለች፣ ከየት እንደምታመጣው ሳታውቅ።

ያገኘችው በውጭ አገር ያለ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፤ ሦስት ሳምንት ተምሮ በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ የሚፈተን ሰው በስሙ ወረቀት ይላክለታል። መመዝገቢያው ላይ የአገሮች ዝርዝር ነበር። ዝርዝሩን በጣቷ እየገፋች ወረደች። ከኢስቶኒያ ቀጥሎ ፊጂ ነው። ተመልሳ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ከኢስቶኒያ ቀጥሎ አሁንም ፊጂ ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም።

«ካልጠሩኝ ሳልጠራ እገባለሁ» አለች ለባዶው ሱቅ።

የጫነችው ቪፒኤን የአገር ባንዲራዎች ደርድሮ አሳያት፤ ከሁሉም በላይ «ፈጣኑን ቦታ እኔ ልምረጥልሽ» የሚል ነበር። እሺ አለችው። ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ አሰበ፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ተነሥቶ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው፤ የፕላስቲኩ ጀርባ ግሎ ሸተተ። በመጨረሻ አንዲት ግራጫ ባንዲራ መጣች፤ ኮከብ የላት፣ መስመር የላት፣ በሥሯም የአገር ስም አልተጻፈም። ትምህርት ቤቱ ግን በዚያች ባንዲራ በሩን ከፈተላት።

በዚያው ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ስልኩ ላይ ቪፒኤን የለም፤ ደንበኛ ሲያይ እንዲገባው ብላ በአማርኛ ያደረገችው የራሷ ስልክ ነው። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «በስምሽ ደብረ ሲና፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሰው ገብቷል። አንቺ ነሽ?» ከሥሩ ሁለት ማዘዣ። አንዱ «አዎ፣ እኔ ነኝ»፤ ሌላው «እኔ አይደለሁም»።

ስንቅነሽ ነገሩ ወዲያው ገባት። ኮምፒውተሯ በሰው አገር ነው፣ ስልኳ በአገሯ ነው፣ ትምህርት ቤቱ አንዲትን ሴት በሁለት ቦታ አይቶ ግራ ገብቶታል። አዎ ካለች ኢትዮጵያ እንዳለች ይታወቅና በሩ ይዘጋል። ስለዚህ «እኔ አይደለሁም» የሚለውን ተጫነችና ሥራዋን ቀጠለች። መልእክቱ በየቀኑ፣ በገባች ቁጥር መጣ። በየቀኑ ተጫነችው። በሁለተኛው ሳምንት ሳታነበው ነበር የምትጫነው፣ ዝንብ እንደማባረር።

ደንቡ ሲማሩ ካሜራ እንዲበራ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያየውን ምስል ደግሞ መልሶ በገጹ ጥግ በትንሽ መስኮት ያሳያታል። ምስሉ ከካሜራው ተነሥቶ፣ ታሽጎ፣ ግራጫዋ ባንዲራ ጋ ደርሶ፣ ትምህርት ቤቱን ነክቶ፣ በመጣበት ተመልሶ ነው የሚደርስላት፤ ስለዚህ ይዘገያል። ስንቅነሽ ይህን አውቃ ሳቀች። እሷ አዛግታ ጨርሳ አፏን ስትገጥም በመስኮቱ ያለችው ሴት ማዛጋት ትጀምራለች። መዘግየቱን ለካችና በቻርጀር ካርቶን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው፦ ሁለት ሰከንድ። በማግስቱ ሁለት ሰከንድ። በአራተኛው ቀን አንድ ተኩል። በሰባተኛው ግማሽ።

መሻሻሉ ደስ አላት፣ እንደ ባለሙያ ግን ቅር አላት፤ ምክንያቱም ዙሪያ መንገድ እየዋለ እያደረ አያጥርም። በአሥረኛው ቀን ማራገቢያው ዝም አለ። የኮምፒውተሩን ጀርባ ዳበሰችው፤ ጉም እንዳደረበት ድንጋይ ቀዝቅዟል። እጇን አነሣች፤ ሴትየዋ እኩል አነሣች። ለካች። ካርቶኑ ላይ ዜሮ ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን ይዛ ቆየች። ዜሮ የሚባል መዘግየት የለም። ከአፍ ወጥቶ ጆሮ የሚገባ ድምፅ እንኳ ትንሽ ይዘገያል።

«ስንቄ፣ ቆሎ ላምጣልሽ ወይ ነው የምልሽ!» አሉ እትዬ አስካለ ከበሩ።

«አይ፣ እትዬ፣ ጠገብኩ።»

«ይኸውልሽ! ሦስት ጊዜ ጠይቄሽ፣ እፍኝ ቆርጥሜ ጨርሼ ነው የመለስሽልኝ። ዛሬስ ደጅ ደጁን ነው ሐሳብሽ።»

ስንቅነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሰማችው፤ ወዲያውም ነበር የመለሰችው። አልተከራከረችም፤ እትዬ አስካለን ተከራክሮ የረታ ሰው ስለማታውቅ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድካም ገባባት። ጠዋት እንደ ሰው ተነሥታ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቷ ሙልጭ ይላል፤ ምሳ ሁለት ጊዜ በልታ ይርባታል። ግንባሯ ይግላል፣ ግን ወባ አይደለም፤ ተመርምራ ምንም የለብሽም ተብላለች። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ደግሞ ከአስተማሪው ድምፅ በስተጀርባ የሆነ ቦታ መስማት ጀመረች። ሱቋ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው፣ በማዳመጫው የሚሰማው ግን ጣሪያ የሌለው፣ ዝናብ የማያውቀው፣ ሰፊ ባዶ ቦታ ነው፤ በዚያ ባዶ ውስጥ ራቅ ብሎ ብዙ ሰው ወረፋ ይዞ ሲጠብቅ የሚያሰማው ዓይነት ትንፋሽና የእግር መለዋወጥ። ትንሿን መስኮት አተኩራ አየች። ከሴትየዋ ጀርባ መደርደሪያው አለ፤ ለመለዋወጫ የተቀመጡት የሞቱ ስልኮች ተደርድረዋል። ዞር ብላ የራሷን መደርደሪያ አየች፤ ስልኮቹ እንደሞቱ ናቸው። ወደ መስኮቱ ተመለሰች። እዚያ ሁሉም በርተዋል።

ከፈለኝ ማክሰኞ ዕለት መጣ፣ ኩርፊያ ይዞ።

«ትናንት በስምንት ሰዓት አንኳኩቼ አንኳኩቼ እምቢ አልሽኝ። በመስኮት እያየሁሽ! ተቀምጠሻል፣ በሩ ተቀርቅሯል።»

«ትናንት ማንም አላንኳኳም።»

«እኔ ነኛ ያንኳኳሁት። ሰባት ጊዜ። እትዬ አስካለ አሉልኝ።»

«በእርግጥ አንኳኩቷል» አሉ እትዬ አስካለ። «ስምንተኛውን በጫማው ሊመታ ሲል ነው የከለከልኩት።»

ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን ተቀበለችው፤ እሱም እያጉረመረመ ሄደ። ብየዳውን አሙቃ ጎንበስ እንዳለች በሩ ተንኳኳ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጉም እንጂ ማንም አልቆመበትም። እንደገና ተንኳኳ፣ የሰው የጣት አንጓ እንጨት ላይ ሲያርፍ ጥርት ብሎ፣ የትዕግሥት ማለቅ እየተሰማበት፤ ስንቅነሽም የብየዳውን ብረት እንደያዘች ቆማ ቆጠረች። ሰባት ጊዜ። ስምንተኛውን ጠበቀች፤ አልመጣም።

«እትዬ አስካለ፣ አሁን ያንኳኳ አለ?»

«ማን ያንኳኳል? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ይሄኔ ኮምፒውተሩን ዘግታ ጠበል ትወጣ ነበር። ስንቅነሽ ግን ተናደደች። አንድ ዕቃ ሲያስቸግራት ፍርሃት ሳይሆን እልህ ነው የሚይዛት፤ ያ እልህ ነው እንጀራዋም። ወንበሯን ስባ ከሴትየዋ ፊት ተቀመጠች። ሴትየዋ አፍንጫዋን ነካች።

ስንቅነሽ አልነካችም ነበር። እጆቿ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ካርቶኑን ሳታይ ገባት፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወርዷል። ሴትየዋ ቀድማ የምትጠብቃት ናት እንጂ የምትከተላት አይደለችም። በዚህ ጊዜ የራሷን አፍንጫ በላት፣ ከውስጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ማሳከክ።

«አልነካም» አለች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። «ሞቼ ነው የምነካው። እኔ ነኝ የምመራ፤ አንቺ ነሽ የምትከተዪ። ይኼ የኔ አፍንጫ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ቀለብ የሰፈርኩለት።» ማሳከኩ ጨመረ፤ እንባዋ ወረደ፤ ጣቶቿ ጠርዙ ላይ ነጡ። ሴትየዋ እጇን አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ፣ ጠበቀች። ቆየ። ማሳከኩ ቀስ ብሎ ለቀቃት። «አየሽ?» አለች ስንቅነሽ። ሴትየዋ ፈገግ አለች።

«ምን ሆነሽ ነው አፍንጫሽን እንዲህ የምትጨምቂው?» አሉ እትዬ አስካለ። «ልትነቅይው ነው እንዴ? ቀላ እኮ!»

ስንቅነሽ ወደ ታች አየች። ጠረጴዛው ላይ አንድ እጅ ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ለደንበኛ የምትለውን ለራሷ አለች፦ አውጪው። ቪፒኤኑን አጠፋችው፣ ነቀለችው። ገጹ «ይህ አገልግሎት ባሉበት አገር የለም» ብሎ ነጣ። ትንሿ መስኮት ግን ጥጓ ላይ ቀረች፤ ሴትየዋም በውስጧ ተቀምጣ ወረቀት የምታነብ ትመስል ነበር። ኮምፒውተሩን አጠፋች። ቡሎኖቹን ፈታች፣ ባትሪውን አወጣች፣ የካሜራውን ቀጭን ሽቦ በወረንጦ ነቀለች፣ ሁሉንም በተራ በጨርቅ ላይ ደረደረች። እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ላይ ዘገየባት፤ ጣቷን አዝዛው እስኪሄድ ድረስ ቆማ የምትጠብቀው ሆነ። በጨርቁ ላይ፣ ከምንም ጋር ያልተገናኘችው የካሜራዋ መብራት አረንጓዴ ሆና በራች፣ እንደ ድመት ዓይን፣ ፈዛዛ።

«ሐሙስ» አለቻት ስንቅነሽ ዝቅ ብላ። «ሐሙስ ፈተናዬን ተፈትኜ ወረቀቴን አግኝቼ፣ ከዚያ አንቺን በመዶሻ ነው።» አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ቤት ለወርቃማ ማኅተም ልትሰጥ አልፈለገችም፤ ለአንዲት መብራትም እንደዚያው።

ረቡዕ፣ ከፈተናው አንድ ቀን በፊት፣ በስልኳ ለትምህርት ቤቱ ጻፈች። የትምህርት ቤቱን ቋንቋ በመጠኑ ነው የምትችለው፤ ስለዚህ አሳጠረችው፦ ምስሌ ይቀድመኛል፣ ምን ላድርግ። መልሱ ወዲያው ደረሰ፤ ስልኳ ተርጉሞ አነበበላት። «ስለጻፉልን እናመሰግናለን። እርስዎ ካሉበት ያለው ግንኙነት እጅግ ጥሩ ነው። በስምዎ ከደብረ ሲና የምትሞክረው ሴት ግን ግንኙነቷ ደካማ ስለሆነ በቅርቡ ይቋረጣል። አያስቡ።»

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ጉሙ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ነበር። በአስፋልቱ የሚያልፉት መኪኖች በመብራታቸው ሳይሆን በሚረጩት ውኃ ድምፅ ነው የሚታወቁት፤ ድምፁም ካለፉ በኋላ ነው የሚደርሳት፣ አንዳንዴም በጣም ካለፉ በኋላ። ኮምፒውተሩን ገጠመች፣ የካሜራውን ሽቦ መለሰች፣ ቪፒኤኑን ጫነች። ግራጫዋ ባንዲራ ሳትጠራ ብቅ አለች። ኮምፒውተሩ በሕይወቱ እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም፤ ገጹ ሳትነካው ተከፈተ።

ጥያቄው ስልሳ ነው። ስንቅነሽ ማንበብ ስትጀምር መልሱ ተመርጦ ታገኘዋለች፤ በመስኮቷ ያለችው ሴት እጅ አስቀድሞ ሄዷል። መልሶቹ ግን የእሷ ናቸው፤ የትኛውንም ብትጠየቅ ያንኑ ትመርጥ ነበር። ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ። ላብ ከግንባሯ ኪቦርዱ ላይ ጠብ አለ፤ ዓይኖቿ እንደሚሞት ስክሪን ይደበዝዛሉ። ዝናቡ ጀመረ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በበሩ አየችው፣ ድምፁን ግን ገና አልሰማችውም።

ስልሳኛው ጥያቄ ላይ የሴትየዋ እጅ ቆመ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ስልኩ አይበራም፤ በቦርዱ ላይ በዓይን የሚታይ ጉዳት የለም፤ ባለሙያው መለኪያ ከማንሣቱ በፊት ጉዳቱን በምን ያውቃል? አራት አማራጭ አለ። ሴትየዋ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። እጇን ወደ አፍንጫዋ ሰደደች፣ ነካችው፣ ዳበሰችው፣ ለምን እንደተቀመጠ ያልገባት ዕቃ እንደምትፈትሽ ሁሉ። ከዚያ ቀና ብላ ስንቅነሽን ጠበቀች።

«አታውቂውም!» አለች ስንቅነሽ፤ ድምፅዋ ከራሷ ጆሮ ዘግይቶ ደረሰ። «የምታውቂው እኔን እያየሽ ያገኘሽውን ነው። ይኼን አላየሽም፤ አይታይማ!» መልሱ ማሽተት ነው። ሦስተኛው መሥመር ላይ ተጽፏል፤ ጣቷን ብትዘረጋ ወረቀቱ የእሷ ነው፣ ቤቱ የእሷ ነው። ጣቷን አልዘረጋችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቀውን ጥያቄ አልመልስም አለች።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። «በስምሽ በሁለት ቦታ ሰው አለ። አንዱ ብቻ ይቀጥላል። ደብረ ሲና፣ ኢትዮጵያ። አንቺ ነሽ?»

ሃያ አንድ ጊዜ ክዳዋለች። በዚህች ጊዜ ብትክድ ፈተናው ይጸድቅላታል፤ ካልካደች ወረቀቱም ይቀራል፣ መስከረም ሲጠባም ዕቃዋን በካርቶን አድርጋ ትወጣለች። ጋሽ ሽታዬ ከነልጁ ማኅተም ታዩዋት።

«ይቅር!» አለች። «መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግቼ እሠራለሁ። እዚሁ ነኝ። እኔ ነኝ!» ጣቷን አነሣችና «አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚለው ላይ በሙሉ ጉልበቷ ተጫነች።

ማዘዣው ቀለሙን አልለወጠም። እንደገና ተጫነችው። የታዘዘው ነገር እየታሸገ፣ በሰው አገር እየዞረ፣ እየተፈታ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ሰው ሁሉ የምታስረዳው እሷ ናት። በመስኮቷ ያለችው ሴት ግን የምትዞርበት መንገድ አልነበራትም። ጎንበስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ የራሷን ስልክ አነሣችና «እኔ አይደለሁም» የሚለውን በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነካችው፣ ዝንብ እንደማባረር።

ጉሙ ከሱቁ ወጣ። ስንቅነሽ እንደዚያ ነበር ያሰበችው፤ ቀጥሎ ግን ቅዝቃዜው፣ እርሳሱ፣ እርጥቡ ድንጋይ፣ ሁሉም ሽታ አብሮት መውጣቱን አወቀች። ዙሪያዋ ሁሉ እኩል ግራጫ ነው። ከኋላዋ ብዙ ሰው እግሩን ለወጠ። ከፊቷ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ በመስኮቷ ውስጥ ሱቋ ይታያታል፣ ከኮምፒውተሩ በኩል ሲያዩት እንደሚሆነው፣ ወንበሩ ከፊት፣ ክፍቱ በር ከኋላ። ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጧል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ያረፈ፣ እንቅልፍ የጠገበ። ሴትየዋ ጣቷን ዘርግታ ለስልሳኛው ጥያቄ ዝም ብላ አንዱን መረጠች፤ ሌላው ሃምሳ ዘጠኙ በቂ ነው።

እትዬ አስካለ የቆሎ ሰፌዳቸውን ይዘው ከዝናብ ገቡ።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ» አለች ሴትየዋ ወዲያው።

«እልል! ተመስገን! ፊትሽም እኮ ተመለሰ። ሽታዬ የእህቱን ልጅ ማኅተም ይብላ! ቆይ ግን፣ ስንቄ፣ የሚቃጠል ነገር አይሸትሽም? ከዚያ ከመሳቢያው በኩል።»

«ምንም አይሸትም።»

«እኔን ግን…» እትዬ አስካለ አፍንጫቸውን ወደ መሳቢያው አዙረው ሁለት እርምጃ ሄዱና በኮምፒውተሩ በኩል ሲያልፉ ቆሙ። ጎንበስ አሉ። የእሳቸው ፊት መስኮቷን ሞላት፤ ስንቅነሽ ከዚህ ወገን «አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚለውን አንዱን ቦታ ሳታቋርጥ በጣቷ እየደበደበች፣ የእሳቸውን ስም በአፏ ሙሉ እየጠራች ነበር፤ አሁንም ትደበድባለች።

«ይቺ ጥጉ ላይ የምትንፈራገጠው ሴት ማናት? ልክ አንቺን—»

«እኔ አይደለሁም» አለች፣ ጥያቄው ሳያልቅ፣ ኮምፒውተሩንም በቀስታ ከደነችው።